ያልተቋጨ ሸማ

«ጉዳዩ መቋጫ አግኝቷል» ይላል የጽሕፈት ቤት ሹም። «ንግግሬን በዚህ ልቋጭ» ይላል ተናጋሪው። «ዘርፉ እየተስፋፋ ነው» ይላል የምጣኔ ሀብት ዘገባ። ሦስቱም የሚናገሩት ከሸማ ጫፍ በተወሰደ ቃል ነው። ዘርፍ ማለት ሸማው ከሽመና ዕቃው ሲወርድ ማግ ሳያገኘው ተንጠልጥሎ የሚቀረው የድሩ ጫፍ ነው። መቋጨት ደግሞ ያንን ጫፍ እየከፈሉ፣ እያከረሩና እየቋጠሩ ልብሱን ከመተርተር ማዳን ነው። ቋንቋው ከዚህ ትንሽ መሳይ ሥራ ሁለት ቃላት ወስዶ ለሹሙም ለነጋዴውም አበድሯል። ሥራውን ማን እንደሚሠራው፣ በስንትም እንደሚሠራው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ሸማ የሚያምርበትም የሚበላሽበትም ቦታ ሁለት ነው፤ አንደኛው ድሩ ከመድራቱ በፊት ቀለሙ የሚመረጥበት ሰዓት ሲሆን ሁለተኛው ሽመናው ካለቀ በኋላ ልብሱ ለመቋጨት የሚሰናዳበት ሰዓት ነው። መሐል ላይ ያለውን ሽመና ሁሉም ያደንቃል። ካሜራ የሚነሳውም ሸማኔው መወርወሪያውን ሲወረውር ነው። መጀመሪያውና መጨረሻው ግን ባለቤት አጥተዋል። የዛሬው ገዥ የቀለሙን ምርጫ ለስልክ ሥዕል፣ መቋጨቱን ደግሞ ስሟን ለማያውቃትና ለማይከፍላት እጅ ትቶታል። ከዚያም ልብሱ በሁለተኛው እጥበት ሲጨማደድና ሲተረተር «የአገር ልብስ ድሮ ቀረ» ብሎ ያማል። ሐሜቱ ግን የሚገባው ለሸማኔው አይደለም።

በናይሮቢም ሆነ በጅቡቲ፣ በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ ሠርግ የደገሰ ቤተሰብ እንዴት እንደሚያዝዝ የታወቀ ነው። ከሙሽራዋ ሚዜዎች አንዷ በስልኳ ያየችውን የጥለት ሥዕል ለሽሮ ሜዳ ነጋዴ ትልካለች። ነጋዴው ለሸማኔው ያስተላልፋል። ትእዛዙ አጭር ነው፤ «ልክ እንደዚህ ይሁን፣ ከአዳራሹ ጌጥ ጋር ይሂድ፣ ለቅዳሜ ይድረስ» የሚል። ክሩን በእጇ የዳሰሰ፣ ከነጩ ሸማ ጎን አስቀምጦ ያየ፣ ወደ ውጭ አውጥቶ በፀሐይ የተመለከተ ሰው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም የለም። ሸማኔው ቢናገርም የሚሰማው አያገኝም፤ ምክንያቱም ትእዛዙ አስቀድሞ በሥዕል ተወስኗል።

ለመሆኑ ሥዕሉ ምን ያሳያል? የስልክ መስታወት ራሱ ብርሃን ይፈነጥቃል፤ ክር ግን የወደቀበትን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ፎቶ ያነሳው ሰው ቀለሙን አድምቆታል፣ መስታወቱ በራሱ መንገድ ለውጦታል፣ የሱቁ አምፖል ደግሞ ሌላ ነገር ጨምሮበታል። በመብራት ሥር አንድ የመሰሉ ሁለት ቀይ ክሮች በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ ሲታዩ አንዱ ወደ ብርቱካን፣ ሌላው ወደ ወይን ጠጅ ሊያደላ ይችላል። ልብሱ የሚለበሰው በቀን ብርሃን ከሆነ ምርጫውም በቀን ብርሃን መሆን ነበረበት። ይህን ለማወቅ ጥቂት እርምጃ ወደ ደጅ መውጣት ይበቃል።

ሌላም አለ። ቀለም ብቻውን አይኖርም፤ ጎረቤቱ ይለውጠዋል። ከነጭ ጥጥ አጠገብ የተቀመጠ ፈዛዛ ቢጫ ይሰወራል፤ ያው ቢጫ በሁለት ጥቁር መስመር መካከል ሲገባ ግን ያበራል። ሸማኔዎች በእጅ ልምድ የሚያውቁትን ይህን ነገር አንድ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ19ኛው መቶ ዘመን በመጽሐፍ አስፍሮታል። ሚሼል ኢዩዤን ሸቭረል እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምሮ በፓሪስ የጎብላን ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። የፋብሪካው ጥቁር ክር ደካማ ነው የሚል ስሞታ ቀረበለት። ሲመረምር ጥቁሩ ክር እንከን አልነበረውም፤ ያደከሙት ከጎኑ የተሸመኑት ቀለሞች ነበሩ። ይህንኑ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ። በአንጻሩ የዛሬው አዛዥ ከሥዕሉ ላይ አንዱን ቀለም በጣቱ አመልክቶ «ይህን በሮዝ ቀይርልኝ» ሲል፣ የቀሩት አምስት ቀለሞች ሁሉ አብረው እንደሚለወጡ ልብ አይልም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ክርክሩ ከአዲስ ቀለም ጋር አለመሆኑ ነው። «ባህሉ ነጭና ቀይ ብቻ ነው፣ ሌላው ብልሽት ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እነርሱም ታሪኩን አያውቁትም። ጥንት ለጥለት የሚሆን ባለ ቀለም ክር በአገር ውስጥ እንደልብ አይገኝም ነበር። ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል የሚገባ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ይተረተርና ክሩ እንደገና በሸማው ጥለት ውስጥ ይሸመን ነበር፤ አገሪቱን የጎበኙ የቀድሞ መንገደኞች ይህን መዝግበውታል። እንግዲህ ዛሬ «የአባቶች ቀይ» የሚባለው ቀለም ራሱ ከህንድ የመጣ ጨርቅ ፈርሶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሸማ ከውጭ ቀለም ተቀብሎ አያውቅም የሚለው ወሬ ከሸማው ዕድሜ ያነሰ ነው።

ልዩነቱ ቀድሞ የተረተረው ሰው ክሩን በእጁ ይዞ መምረጡ ነው። ሲተረትር ጥንካሬውን ያውቀዋል፤ በውኃ ነክሮ ቀለሙ እንደሚለቅና እንደማይለቅ ይፈትነዋል። ዛሬ ይህ ፈተና የሚፈጅው አንድ ብርጭቆ ውኃና አንድ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ክሩን አርጥቦ በነጩ ላይ ማሸት ብቻ። ቀዩ ከለቀቀ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ሸማ ሮዝ ያደርገዋል። እንዲሁም በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሲታጠብ ይሸበሸባል፤ የሚያብለጨልጨው ሰው ሠራሽ ክር ግን እንደ ጥጡ አይሸበሸብም። ሁለቱ በአንድ ሸማ ላይ ተገናኝተው ውኃ ሲነካቸው ሸማው ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ጥለቱ ባለበት ይቀራል፣ ጫፉም እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል። ይህን ለመከላከል ሸማኔው ክሩን አስቀድሞ ማጠብ ወይም ለጥለቱ የጥጥ ክር መምረጥ ይችላል። ለዚያ ግን ቀን ያስፈልገዋል፤ «ለቅዳሜ ይድረስ» የሚለው ትእዛዝ የሚሰርቀው ያንን ቀን ነው።

ጥለት ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልተገባ ነበር። ነገር ግን ጥለት ይናገራል። በደስታ ቀን ነጠላ ስትለበስ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በኀዘን ቀን ደግሞ ተገልብጦ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይወጣል። ለቅሶ ቤት የገባ እንግዳ ማን የቅርብ ኀዘንተኛ እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚረዳው ከጥለቱ ቦታ ነው። አንዲት እናት ያንኑ ነጠላ ለጥምቀትም ለቀብርም ትለብሰዋለች። እንግዲያው ቀለሙ በሁለቱም ቀን ፊቷ አጠገብ ሊቀመጥ የሚችል መሆን አለበት። ለአንድ ቅዳሜ አዳራሽ መጋረጃ ተብሎ የተመረጠ ቀለም በለቅሶ ቤት ያሳፍራል፤ ስለዚህም ልብሱ ከሠርጉ ማግስት ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ድካሙ ሁሉ ለስድስት ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ሥራ መምጣት ይገባል። ሸማ ከዕቃው ሲወርድ ገና ልብስ አይደለም። የሽመና ዕቃው ጠባብ ስለሆነ ረጅሙ ቁራጭ በልኩ ተቆርጦ ግማሾቹ ጎን ለጎን ይጋጠማሉ። ጥለት ከጥለት ጋር በትክክል ካልተገናኘ ስሕተቱ ከሩቅ ይታያል። ጋቢ ከሆነ አራቱ ድርብ እኩል ተዘርግተው ይስተካከላሉ፤ አንዱ ድርብ ከሌላው ከሰፋ ጋቢው በተለበሰ ቁጥር ይንሸራተታል። ትርፍ ክር ይለቀማል፣ የተበጠሰ ድር በመርፌ ይያዛል። ነጠላና ኩታ ከሆነ ደግሞ ዘርፉ ይቀራል። ጥቂት የድር ክሮች ተለይተው ለሁለት ይከፈላሉ፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይከረራሉ፤ ከዚያ አንድ ላይ ተይዘው በተቃራኒው ይገመዳሉ፤ ጫፋቸውም ይቋጠራል። ሁለቱ ክሮች ለመፈታት ሲታገሉ እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ ግምዱ ይጸናል። አንዱ ዘርፍ ከሌላው ቢወፍር ወይም ቢረዝም ጫፉ ይንሻፈፋል። አንድ ነጠላ ሁለት ጫፍ አላት፤ ይኸው ሥራ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይደጋገማል።

ይህን የምትሠራው ብዙውን ጊዜ የሸማኔው ባለቤት፣ ሴት ልጁ ወይም የጎረቤት ሴት ናት። ጥጡን የፈተለችውም ሴት ናት። ባዘቶውን አዘጋጅታ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ ልቃቂት አድርጋ ማጉን ያቀረበችው እርሷ ናት። በልማድ ሽመናው የወንድ ሲሆን መጀመሪያውና መጨረሻው በሴት እጅ ነው። ዋጋ ሲነገር ግን የሚጠራው የሽመናው ብቻ ነው። ገዥው ከነጋዴው ጋር ሲከራከር ነጋዴው ከሸማኔው ይቀንሳል፣ ሸማኔው ደግሞ የሚቀንስበት ሰው ሲያጣ ከቋጭዋ ይቀንሳል። ጊዜ ሲጠብም እንዲሁ ነው፤ ጥድፊያው ተንከባሎ የሚያርፈው በትንሹ እጅ ላይ ነው። ሕፃናት ከጋሞ ደጋ እየተወሰዱ በአዲስ አበባ የሽመና ቤቶች ያለ ዕረፍት መሥራታቸው በተደጋጋሚ የተዘገበ ሐቅ ነው። በርካሽና በፍጥነት የሚፈለግ ልብስ ርካሽና ፈጣን እጅ ይፈልጋል፤ ያ እጅ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ለብሶ መጨፈር ንጹሕ ደስታ ሊባል አይችልም።

የዚህ ንቀት ሥር ጥልቅ ነው። ሸማኔ በዚህች አገር ሸማውን ለንጉሥም ለካህንም አልብሶ ራሱ «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ ሲሰደብ የኖረ ሰው ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ መልካም ነበር፤ ዛሬ ስድቡን በአደባባይ የሚደፍር ጥቂት ነው። ይሁንና ስድቡ ከአፍ ወደ ኪስ ተዛውሯል። ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለቪዲዮ ቀራጭና ለኬክ የተጠየቀውን ያለ ቃል የሚከፍል ሰው ሽሮ ሜዳ ሲደርስ «እንዴ፣ ለክር ነው ይህ ሁሉ?» ይላል። በዚህች አንዲት ጥያቄ ውስጥ የድሮው ስድብ ሙሉውን አለ።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር እንዴት እንደያዘው መመልከት አይጎዳም። በአሜሪካ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ የሚሠራ፣ መሐሉ ጥጥ ያለበት ድርብ የአልጋ ልብስ አለ፤ ክዊልት ይባላል። የላይኛውን ገጽ ቀለም መርጣ የገጣጠመችው ሴት ብዙ ጊዜ ድርቦቹን አንድ ላይ ወደሚሰፋላት ሌላ ባለሙያ ትወስደዋለች። ከመውሰዷ በፊት ትርፉን ክር ትለቅማለች፣ ስፌቱን በካውያ ታስተኛለች፣ የጀርባውን ጨርቅ ከላይኛው በሁሉም ጎን አስፍታ ትቆርጣለች። ጨራሹ ባለሙያ የራሱ ዋጋ አለው፤ በስፋት ለክቶ ያስከፍላል። ማንም «መጨረስማ ምን ሥራ ነው» አይለውም። በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ቁራጭ የሰፏቸው ክዊልቶች እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ሲታዩ ከየሥራው ጎን የሠሪዋ ስም ነበር። በሽሮ ሜዳ ከሚሰቀለው ሸማ ጎን ግን፣ ስም ተጽፎ ቢገኝ እንኳ፣ የሱቁ ስም ነው።

ከዚያም ቀርቦ የጎረቤትን ማየት ይቻላል። የስዋሂሊ ጠረፍ ካንጋ በማተሚያ የሚሠራ ጨርቅ ነው፤ ዳርቻ፣ መሐልና አንድ መስመር ጽሑፍ አለው። ከተጀመረበት ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ ከህንድ፣ ከአውሮፓ፣ ከጃፓን፣ በኋላም ከኬንያና ከታንዛኒያ ፋብሪካዎች ሲታተም ኖሯል። ይህ ግን ካንጋን አላዋረደውም፤ ምክንያቱም ካንጋ የታተመ ነኝ ብሎ ነው የሚሸጠው። ሁለቱ በአንድነት ተያይዘው ይሸጣሉ፤ ገዥዋ ራሷ ቆርጣ ጫፉን ትቀመቅማለች። በስዋሂሊ የካንጋው ዳርቻና የልብስ ቅምቅማት በአንድ ቃል «ፒንዶ» ይባላሉ። ማተሚያ በራሱ ኀጢአት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ኀጢአቱ ጥለት በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ታትሞ፣ የተቆረጠ ጫፉ ዘርፍ ተመስሎ «የአገር ባህል ልብስ» እየተባለ ሲሸጥ ነው። ካንጋ እውነተኛ ኅትመት ነው፤ ይህኛው ሐሰተኛ ሽመና ነው።

ይህ ሲባል የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «አቅም የሌለው ገዥስ ምን ያድርግ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከባድ አይደለም። ገንዘብ ካነሰ ጥለቱን ማጥበብ ይቻላል። ስምንት ቀለም ያለው የእጅ መዳፍ ስፋት ያህል ጥለት ቀርቶ ሁለት ቀለም ያለው የሁለት ጣት ጥለት ይበቃል፤ አያቶች ለዘወትር የለበሱት ከዚህ የሰፋ አልነበረም። መቀነስ የማይገባው መቋጨቱ ነው። ጠባብ ጥለት ኖሮት በደንብ የተቋጨ ነጠላ ለዓመታት ያገለግላል፤ ሰፊ ጥለት ኖሮት ጫፉ የተለቀቀ ነጠላ ግን ማጉ ከዳር እየወጣ ያልቃል። ድሃው ገዥ በእውነት የሚከስረው በዚህኛው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ዘመኑ የማሽን ነው፣ ሽመና መጥፋቱ አይቀርም» የሚል ነው። ይህ ትንቢት አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አቡጀዲ ከባሕር ማዶ ሲገባም ሊባል ይችል ነበር። አቡጀዲ ብዙ ቦታ ያዘ፤ በቤናድር ጠረፍም፣ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1331 ሞቃዲሾን ሲጎበኝ ወደ ግብፅ ይላክ እንደነበር የጻፈለትን የሽመና ሙያ ርካሽ የውጭ ጨርቅ ክፉኛ ጎድቶታል። ሸማ ግን እስከ ዛሬ አለ። የቆየውም ሰዎች ለበዓል፣ ለቁርባን፣ ለሠርግና ለቀብር የሚለብሱት ልብስ የሚያውቁት ሰው እጅ እንዲኖርበት ስለፈለጉ ነው። ያ ፍላጎት ከቀረ ማሽን ሳይነካው ይጠፋል። የሚያጠፋው እንግዲህ የቻይና ፋብሪካ ሳይሆን ጥለቱንና ዘርፉን መለየት ያቃተው የአገሩ ገዥ ይሆናል።

መፍትሔው ታላቅ ስብሰባና የአምስት ዓመት ዕቅድ አይጠይቅም። ልብስ የሚያሠራ ሰው ትእዛዙን ከሠርጉ ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ ይስጥ። ሥዕል ካለው ያሳይ፤ ነገር ግን ቀለሙን ከሸማኔው ጋር ሆኖ፣ ክሩን ከነጩ ጥጥ ጎን አስቀምጦ፣ በቀን ብርሃን ይምረጥ። በውጭ አገር ያለ እንደሆነ ዘመዱን ይላክ፤ ወይም ሸማኔው የክሩን ናሙና እንዲልክለት ይጠይቅ። ቀለሙ በውኃ መፈተኑን ይጠይቅ። ከሁሉ በላይ ሦስት ዋጋ ለይቶ ይከፈል፤ የፈትሉ፣ የሽመናውና የመቋጫው። ነጋዴውም በደረሰኙ ላይ ሦስቱን ለይቶ ይጻፍ። የባህል ልብስ ትርኢት የሚያዘጋጁ ማኅበራትም ከአንዱ ዲዛይነር ስም ጎን የሸማኔውንና የቋጭዋን ስም ያስፍሩ። ይህን ማድረግ የሚያስወጣው ቀለም እንጂ ገንዘብ አይደለም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በየመድረኩ ይነገራል። ተረቱን የሚወዱት ሁሉ አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ያበረ ድር ጫፉ ካልተያዘ መልሶ ይበተናል። ያንን ጫፍ ይዛ በሽሮ ሜዳ ጓዳ፣ በዶርዜ ቤት ደጃፍ፣ በደብዛዛ አምፖል ሥር አጎንብሳ የምትቋጥር ሴት አለች። የልፋቷ ዋጋ በስሟ ተጠርቶ እስኪከፈላት ድረስ ሸማው ቢለበስም፣ ቢጨፈርበትም፣ ፎቶ ቢነሣበትም አልተቋጨም።